የፊት ፍሬናችሁን ማን ፈታው?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ተናድጄም ነው የምጽፈው፤ ቀድሜ ልንገራችሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ እዚህ ከላላ ቤቴ ድረስ በሞተር መጣ። "ቲቸር፣ ሰንሰለቱ እየጮኸ አስቸገረኝ፣ እስቲ ይዩልኝ" አለኝ። ሞተሩ ያማሃ ኤክስቲዜድ 125 ነው። ከጨረታ የተገዛ፣ ዕድሜ የጠገበ፣ ኢንጂኑ ግን ገና ደህና። ሰንሰለቱን ለማየት ጎንበስ ስል ዓይኔ የፊት ጎማው ላይ ቀረ። ዲስኩ አለ። ካሊፐሩ የለም። ከላይ የሚወርደው የፍሬን ቱቦም የለም። መሪው ላይ ያለው ማስተር መውጫው በብሎን ተደፍኗል።

"ይሄን ማን ነው የፈታው?"

"ጋራዥ ናቸው ቲቸር። ነክሶ ጎማውን አላዞር ሲል ወሰድኩት። 'አሮጌ ነው፣ ዕቃው አይገኝም፤ የፊት ፍሬን ደግሞ ባይኖር ይሻላል፣ ይገለብጣል' ብለው ፈቱልኝ።"

"መቼ?"

"ከጥምቀት በኋላ ነው።"

ከጥምቀት በኋላ! አሁን ሰኔ ነው። አምስት ወር ሙሉ ይሄ ልጅ ሚስቱን ከኋላ ጭኖ፣ የሁለት ዓመት ልጁን መሀላቸው አስቀምጦ፣ ወደ ቆላው የሚወርደውን ቁልቁለት በኋላ ፍሬን ብቻ ሲመላለስበት ከርሟል። ይባስ ብሎ "ለምጄዋለሁ" አለኝ። ቁልፉን ተቀበልኩትና ኪሴ ከተትኩት። በእግሩ ነው ወደ ቤቱ የሄደው። ተቀይሞኝ ይሆናል፤ ይቀየም።

የጋራዡን ስም አልጽፍም። አንድ ጋራዥ ብቻ ቢሆንማ ኖሮ ይህን ሁሉ መጻፍ ምን ያደርግልኛል፤ ሄጄ እጨቃጨቅ ነበር። ነገሩ ልማድ ሆኗል። በገበያ ቀን ሞተሮች በተደረደሩበት ስታልፉ የፊት ዲስክ ያላቸውን የፍሬን እጀታቸውን ጨበጥ አድርጋችሁ እዩ (ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፤ እኔ ሳላስፈቅድ ነክቼ ተሰድቤያለሁ)። አንዳንዱ እንደ ለስላሳ እንጀራ እስከ መሪው ድረስ ይገባል። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ የተገናኘው ነገር የለም፣ ለጌጥ ነው ያለው። ባለቤቱን ስትጠይቁት መልሱ አንድ ነው፦ "የፊት ፍሬን ይገለብጣል።"

እስቲ ከዚህ ከ"ይገለብጣል" እንጀምር።

ውሸት ብቻ ቢሆን ለማስተካከል ይቀል ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ጠጠር ላይ ወይም ጭቃ ላይ መሪውን አጥፈህ የፊት ፍሬንን በድንገት ጭምድድ ብታደርገው አዎ፣ የፊት ጎማህ ይሸሻል፣ ትወድቃለህ። ታዲያ ይሄ የአያያዝ ጉዳይ ነው። ቢላ እጅ ይቆርጣል ተብሎ ሽንኩርት በጥርስ አይከተፍም። ቀጥ ብለህ፣ ቀስ ብለህ፣ እየጨመርክ ነው የሚጨበጠው። ሞተር ስትነዳ ከክላችና ከማርሽ ጋር አብሮ የሚለመድ ነገር ነበር፤ እኛ ግን "አትንካው" ብለን ነው የምናስተምረው። ታላቁ ለታናሹ "የፊቱን አትንካ፣ የኋላውን ርገጥ" ይለዋል። ያኛው ለሚቀጥለው። በቃ፣ ትውልድ ይሸጋገራል።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ቾክ ይዤ ሰሌዳው ፊት እንደቆምኩ አድርጋችሁ አስቡኝ። ጭነት የያዘ አህያ ቁልቁለት ሲወርድ ጭነቱ ወዴት ነው የሚሸሸው? ወደ አንገቱ። ሚኒባስ በድንገት ሲይዝ እናንተ ወዴት ትሄዳላችሁ? ወደፊት። ሞተርም ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማው ይጫናል፣ የኋላው ይቀልላል። የቀለለ ጎማ መሬቱን አይቆነጥጥም፣ ይንሸራተታል። ስለዚህ ከሁለቱ ፍሬኖች አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። አምራቾቹ ዲስክ ሲያመጡ መጀመሪያ የፊት ጎማ ላይ የገጠሙት ለዚህ ነው። ሆንዳ በ1969 እ.ኤ.አ. ሲቢ 750ን ይዞ ሲወጣ የፊቱ ዲስክ፣ የኋላው ታምቡር ነበር። ዛሬም ድረስ በብዙ ሞተር እንዲያው ነው።

አሁን ቁጥር እናስገባ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሁለቱም ፍሬኖቹ ደህና የሆኑ ሞተር ከዚህ ፍጥነት ላይ በየሰከንዱ 6 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል እንበል፤ የኋላ ብቻ ያለው 3 እንበል። ሜዳ ላይ የመጀመሪያው 10 ሜትር ሄዶ ይቆማል፣ ሁለተኛው 21 ሜትር። "እሺ፣ እጥፍ ነው፣ ርቀት እጠብቃለሁ" ትሉኝ ይሆናል። ግን እኛ የት ነው የምንኖረው? ሜዳ ላይ ነው እንዴ? 100 ሜትር ሄዶ 10 ሜትር የሚወርድ ቁልቁለት ውሰዱ፤ እኛ አገር ይሄ ቁልቁለት ተብሎም አይጠራም። እዚያ ላይ ስበት ከሁለቱም ሞተሮች ላይ 1 ይቀንሳል። 6ቱ 5 ይሆናል፣ 3ቱ 2። የመጀመሪያው አሁን 12 ሜትር ላይ ይቆማል። ሁለተኛው 31 ሜትር ላይ። አያችሁ? ቁልቁለቱ ፍሬን ያለውን 2 ሜትር ነው የጨመረበት፣ የሌለውን 10 ሜትር። የኋላው ጎማ በቁልቁለት የበለጠ እንደሚቀልል ገና አልቆጠርኩም። ሰው መጫኑንም አልቆጠርኩም።

ጅማ ጎዳና ላይ የፊት ፍሬን ሳይኖርህ ልትኖር ትችላለህ። ከመካነ ሰላም ወደ ጉንደ ወይን ዓባይን ለመሻገር ስትወርድ፣ ወይም እኛ ከደጋው አፋፍ ወደ ቆላው ስንወርድ፣ እሱ ነው የሚያኖርህ። ከአገር ሁሉ እኛ ነበርን የመጨረሻዎቹ ፈቺዎች መሆን የነበረብን።

ይህን ካልኩ ወደ ዋናው ልምጣ። ያ ካሊፐር ለምን ተፈታ? ስለነከሰ። "ነከሰ" ማለት ምን ማለት ነው? ተሰበረ ማለት ነው? አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ቆሸሸ ማለት ነው።

ካሊፐር ዲስኩን ከሁለት ጎን የሚቆነጥጥ ጣት ነው በሉት። እጀታውን ስትጨብጡ ማስተሩ ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ ፒስተኑን፣ ፒስተኑ ሸራውን፣ ሸራው ዲስኩን። እስከዚህ ሁሉም ያውቃል። ስትለቁትስ ፒስተኑን ማን ነው የሚመልሰው? ክፍል ውስጥ ይህን ስጠይቅ ሁሌም "ስፕሪንግ" ትሉኝ ነበር። ስፕሪንግ የለውም! የሚመልሰው ጎሚኒው ነው። ፒስተኑን የከበበችው ጎሚኒ ፒስተኑ ሲወጣ አብራ ትንሽ ትለጠጣለች፤ ግፊቱ ሲለቅ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ፒስተኑንም ይዛው ትመለሳለች። ከአንድ ሚሊ ሜትር በጣም ያነሰ ርቀት ነው። ያቺ ትንሽ መመለስ ናት ጎማው በነፃ እንዲዞር የምታደርገው።

አሁን በዚያች ቀጭን ክፍተት ውስጥ የእኛን መረሬ ጭቃ አስገቡበት። በክረምት ረጥቦ ይገባል፣ በበጋ ደርቆ ሲሚንቶ ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ ሞተሩን ወንዝ ውስጥ ነድቶ ያስገባና ያጥበዋል። በዚያ ላይ መንገድ ተዘግቶ፣ ነዳጅ ጠፍቶ ሞተሩ ለወራት የቆመበትን ጊዜ ጨምሩ፤ የማይንቀሳቀስ ፒስተን ይዝጋል። ጎሚኒዋ የተቀመጠችበት የአሉሚኒየም ቦይ ውስጥም ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ያድግና ጎሚኒዋን ከኋላ እየገፋ ፒስተኑ ላይ ያጣብቃታል። ከውስጥ ደግሞ ዘይቱ ራሱ አለ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ እንደ ጨው በሉት። ለዓመታት ያልተቀየረ ዘይት ውሃ የጠጣ ዘይት ነው፤ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ የሚሉት ለዚህ ነው። እኛ ጋ ፋብሪካው የሞላውን ዘይት ይዞ የሚያረጅ ሞተር አለ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት። "ደህና ነበር፣ አዲስ ሸራ ባስገባሁ ማግስት ነከሰ፤ ሸራው ፎርጅድ ነው" የሚል ስሞታ ስንቴ ሰምቻለሁ። ሸራው ላይሆን ይችላል። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ፒስተኑ ወደ ውጭ እየወጣ ይሄዳል። የወጣው ክፍል ጭቃና ዝገት ይለብሳል። አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለሆነ እንዲገባ ብለህ ፒስተኑን በካቻቪቴ ወደ ውስጥ ትገፋዋለህ፤ ከነጭቃው፣ ከነዝገቱ፣ በጎሚኒዋ ውስጥ አሳልፈህ። ከዚያ ተጣብቆ ቀረ። ያስነከስከው አንተ ነህ ወንድሜ። ከመግፋትህ በፊት የወጣውን ክፍል በፍሬን ዘይት በራሰ ጨርቅና በጥርስ ብሩሽ ብታጸዳው ሃያ ደቂቃ ነበር።

የነከሰ ካሊፐር ይዞ መንዳትም ቀልድ አይደለም፤ ለፈቺዎቹ ይህን እሰጣቸዋለሁ። ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ ሲፈጭ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይሄዳል። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት ተብሎ ነው የሚሠራው። ውሃ ሲጠጣ መለኪያው ወደ 140 እና 155 ይወርዳል። ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ እጀታውን ስትጨብጡት ባዶ ነው። ይሄ የሚሆነው ቁልቁለቱ መጀመሪያ ላይ አይደለም፣ መሀሉ ላይ ነው። ከዚያ "ፍሬን በጠሰ" ይባላል። ይቺን አባባል ሁሌ ስሰማት ይገርመኛል። ፍሬን በጠሰ! ገመድ ያለው ታምቡር ቢሆን እሺ። ማን ነው የበጠሰው? ራሱ? እንደ በሬ ተናዶ?

ስለዚህ መንገድ ላይ ነክሶብህ፣ ከተማ እስክትደርስ ብቻ ካሊፐሩን ፈትተህ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያዘገምክ ብትመጣ አልወቅስህም። እኔም አደርገዋለሁ። የምወቅሰው "ለጊዜው" የተባለው ነገር አምስት ወር ሲሞላው ነው።

አሁን ሥራውን ላውራ። ረጅም አይደለም።

መጀመሪያ የነከሰው የትኛው እንደሆነ እወቅ። ጎማውን ከመሬት አንሳና አዙረው። አልዞር ካለ ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ትንሽ ፍታት። ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከተለቀቀ ካሊፐርህ ንጹሕ ነው፤ ግፊቱ ከላይ ነው የታፈነው። ወይ ማስተሩ ውስጥ ያለችው መርፌ የምታክል የመመለሻ ቀዳዳ በዝቃጭ ተደፍናለች፣ ወይ ያረጀው ቱቦ ከውስጥ አብጦ ዘይቱን ያሳልፋል እንጂ አይመልስም። ብሎኗን ፈትተህም ጎማው ካልተለቀቀ ነው ካሊፐሩ ነከሰ የሚባለው። ይህቺን የአንድ ደቂቃ ፍተሻ ሳያደርግ ካሊፐር የሚፈታ መካኒክ ሐኪም ቢሆን ኖሮ ሆድ ለሚያመው ጥርስ ይነቅል ነበር።

ካሊፐሩ ከሆነ ከሹካው ላይ ፍታው፣ ቱቦውን ግን ገና አትንቀል። እዚህ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው። የተጣበቀ ፒስተን በፒንሳ አይወጣም። ፒንሳ የነከሰው ፒስተን ይጫራል፣ የተጫረ ፒስተን ጎሚኒ ይበላል፣ ዘይት ያፈሳል። ፒስተኑን የሚያወጣልህ ራሱ ፍሬኑ ነው። ሸራዎቹን አውጥተህ፣ ከሥር ዕቃ ደቅነህ፣ እጀታውን ቀስ እያልክ ጨብጥ። ዘይት እየጨመርክ ጨብጥ። የሰው ጉልበት በእጀታውና በማስተሩ በኩል ሲያልፍ ተባዝቶ ነው የሚደርሰው፤ ከፒንሳህ ይበልጣል። በእንጨት እየመለስክ፣ እንደገና እየገፋህ፣ አንድ ሁለቴ ካመላለስከው ብዙውን ጊዜ ይለቃል። በኮምፕሬሰር የሚያወጡ አሉ። ጣታችሁን እንዳታስጠጉ፤ ፒስተኑ እንደ ጥይት ነው የሚወጣው። እኔ ለተማሪ አልፈቅድም ነበር።

ሲወጣ እየው። ላዩ ለስላሳ ከሆነና ዝገቱ ከሸራው በኩል ባለው ጫፍ ላይ ብቻ ከሆነ ታጥቦ ይመለሳል። ጎሚኒዋ የምትሄድበት ቦታ ላይ ተቦርቡሮ ጥፍርህን የሚይዝ ከሆነ ግን በብርጭቆ ወረቀት አታሻሸው፤ ፒስተን ይቀየራል። ጎሚኒዎቹን በሹል እንጨት አውጣ፣ ቦዮቹን በእንጨትና በብሩሽ ነጭ ዱቄቱ እስኪጠፋ ጥረግ። ዋናው በሽታ ያለው እዚያ ቦይ ውስጥ ነው፣ ፒስተኑን ብቻ አጥቦ የሚመልስ ሰው በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ሁለት ዘንጎችም አትርሳ፤ እነሱ ከደረቁ አንዱ ሸራ አልቆ ሌላው አዲስ ሆኖ ታገኘዋለህ። እነሱ ለጎማ ተስማሚ የሆነ የፍሬን ግራሶ ይቀቡ። አዲሶቹን ጎሚኒዎች በንጹሕ የፍሬን ዘይት አርሰህ አስገባ፣ ፒስተኑን በአውራ ጣትህ ግፋው። በአውራ ጣት ካልገባ የሆነ ነገር ተሳስቷል፣ መዶሻ አታምጣ። ከዚያ ቱቦ ሰክተህ አየሩን አስወጣ፦ ጨብጥ፣ ብሎኗን ፍታ፣ እሰር፣ ልቀቅ። የላይኛው ዕቃ ዘይት እንዳይጨርስ እያየህ። እጀታው ድንጋይ እስኪሆን።

ይሄው ነው። የአንድ ከሰዓት ሥራ። ለዚህ ነው የሰው ሕይወት የሚያዝበት።

ዘይት ስል፣ እባካችሁ። ካሊፐር ውስጥ የሞተር ዘይት የጨመረ ሰው አይቻለሁ። "ዘይት ዘይት ነው" ብሎኝ። ጎሚኒውን በቤንዚን አጥቦ፣ በተራ ግራሶ ቀብቶ የገጠመም አይቻለሁ። የፍሬን ጎሚኒ የተሠራው ለፍሬን ዘይት ነው። ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ የሞተር ዘይት፣ ተራ ግራሶ ሲነካው ያብጣል፣ እንደ በሰበሰ ባቄላ ይሆናል፣ ከዚያ እንደገና "ነከሰ" ትላላችሁ። በፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል እጠቡ። ጠርሙሱም ሲከፈት ከአየር እርጥበት መሳብ ይጀምራል፤ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ዘይት አትግዙ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ አንድ ያልተከፈተ ግዙና በአንድ ቀን ጨርሱት። ጋኑ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ቶሎ በውሃ እጠቡ፣ ቀለም ይልጣል።

"ጎሚኒ አይገኝም" የሚለውን አውቃለሁ። ከላላ ሱቅ ላይ ላይገኝ ይችላል። ደሴ ግን አለ፣ አዲስ አበባም አለ። ለስልክ ካቨር ደሴ የምንልክ ሰዎች ነን እኮ።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልምጣ።

እኔም ፈትቻለሁ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። አንድ ጎረቤቴ የነከሰ የፊት ፍሬን ይዞ መጣ። ክረምት ነበር፤ "ቲቸር ነህ፣ አንተ ታውቃለህ" ብሎኝ። አላውቅም ነበር። የመኪና ታምቡር ፍሬን ዓይኔን ጨፍኜ እሠራለሁ፣ የሞተር ካሊፐር ግን በሕይወቴ ከፍቼ አላውቅም። ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ ስዬ አስተምሬያለሁ፣ ነጥብም ሰጥቼበታለሁ። አላውቅም ማለት አፈርኩ። "ይሄ እንኳ ባይኖርህም ይሻላል፣ ለጊዜው ልፍታልህ" አልኩት። ከሁለት ወር በኋላ ቁልቁለት ላይ በቅሎ ገባበት። የኋላውን ረገጠ፣ ጎማው ተንሸራተተ፣ ጭኑ ተሰበረ። ደሴ ወስደውት ወራት ተኛ። ዛሬም ያነክሳል።

ሃያ ዓመት ሙሉ "የፈጣሪ ሥራ ነው፣ በቅሎዋ ናት" ሲል ቡና አብሬው እየጠጣሁ ሰምቻለሁ። አንድም ቀን አልነገርኩትም። የተማሪዬን ሞተር ካየሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ትናንት ማታ ቤቱ ሄድኩ፣ ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "ታዲያ ያን ጊዜ ምን ነበር የጎደለው?" አለኝ። ጎሚኒና ግማሽ ቀን፣ አልኩት። ሲኒውን አስቀመጠና "እንግዲያውስ ጻፈው፣ ስሜን ግን ተወው" አለኝ። ሲሸኘኝ እስከ በር ድረስ መጣ። እያነከሰ።

ለዚህ ነው መካኒኮቹን ስሰድብ ድምፄ የሚቀንሰው። "አያስፈልግም" የምትለዋን ቃል ከየት እንዳመጧት አውቃለሁ። እኔም ከዚያው ነው ያመጣኋት። የማናውቀውን ነገር "አላውቀውም" ከማለት "አያስፈልግም" ማለት ይቀለናል። ልጆቹ ከእኛ ክፍል ነው የወጡት። እኔን ጨምሮ ስንቶቻችን ነን ካሊፐርን በእጁ ሳይፈታ፣ በጽሑፍ ፈተና "የዲስክ ፍሬን ክፍሎችን ዘርዝር" ብለን ያስመረቅን? ዘርዝሯል እኮ! አሥር ከአሥር አግኝቷል! ቆይቶ ጋራዥ ከፍቶ የሚያጋጥመውን ነገር ግን አላሳየነውም። ስለ መሥሪያ ቤቶችም ብዙ አልልም፤ ለነዳጅ ኩፖን ፈርሞ ለፍሬን ዘይት "በጀት የለም" የሚል ቢሮ ሞተሩ ጨረታ ላይ ሲወጣ ምን ይዞ እንደሚወጣ ይገመታል።

ኮሜንት ላይ "ቲቸር፣ የእኔ ቦክሰር የፊቱ ታምቡር ነው፣ ይሄ አይመለከተኝም" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይመለከትሃል። የታምቡሩን ካም ዘንግ መቼ ነው ፈትተህ ግራሶ የቀባኸው? ገመዱንስ? እሱም ይነክሳል፣ እሱንም ይፈቱታል።

ወደ ልጁ ሞተር ልመለስ። በማግስቱ ካሊፐሩንና ቱቦውን በፌስታል ይዞ መጣ፤ ደግነቱ ጋራዦቹ "ዕቃህን ውሰድ" ብለው ሰጥተውት ነበር። መልሰን ሰክተን፣ ዘይት ሞልተን፣ እጀታውን እሱ እየጨበጠ እኔ እያየሁ ፒስተኑን አወጣነው። ዘይቱ እንደ ቡና ጠቁሯል። ፒስተኑን አጥበን ብርሃን ላይ አየነው፦ አንድ ጭረት የለውም። ምንም አልተሰበረም ነበር። ምንም። ልጁ ፒስተኑን በእጁ እያገላበጠ ብዙ ቆየ፣ ከዚያ "አምስት ወር" አለ።

ጎሚኒው ከደሴ ሐሙስ በመኪና ይደርሳል። ቅዳሜ ጠዋት ግቢዬ ውስጥ እንገጥመዋለን፤ አየር ሲወጣ እጀታውን የሚጨብጠው እሱ ነው፣ ብሎኗን የሚፈታውም እሱ ነው፣ እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ። የነከሰበት ወይም የተፈታበት ሰው ካለ ይምጣ፤ ካሊፐር በፌስታልም ቢሆን እንቀበላለን። ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት፣ የጥርስ ብሩሽና ጨርቅ ይዛችሁ ኑ። ቡና አለ። ቁልፉ እስከዚያ ኪሴ ውስጥ ነው።